የነብሮ ዋሻ ሐራጅ

ጠጋ ጠጋ በሉ፤ ትልልቆቹም ጭምር። ይህ ለልጅ ብቻ የሚነገር አይደለም። እንዲያውም ዛሬ የማወራው ቤት ልጫረት፣ ገዝቼ ላከራይ እያላችሁ ወዲያ ወዲህ ለምትሉት ነው። መሀል ላይ የሚያቋርጠኝ ካለ ግን አቆማለሁ፤ ጠባዬን ታውቃላችሁ።

ድሮ ነው፣ በጣም ድሮ። አገሩ ስም አልነበረውም፤ ስም የሚያወጣ ሰው ገና አልደረሰበትማ። በዚያ አገር አያ ነብሮ የሚባል ሽማግሌ ነብር ነበር። ሚስት የለው፣ ልጅ የለው፣ ወንድም እንኳ የለው። ያለው አንድ ዋሻ ነው። ዋሻ ስላችሁ የአይጥ ጉድጓድ እንዳይመስላችሁ። ሦስት ክፍል፣ ፊቱ ወደ ፀሐይ መውጫ፣ ዝናብ የማያስገባ፣ ነፋስ የማይደፍረው፣ ከበሩ ወረድ ሲሉ ደግሞ ምንጭ ያለው ነው። ሰባት ተራራ ቢዞሩ እንደሱ ያለ አይገኝም።

በጓዳው ክፍል እትዬ ጃርት ከአራት ልጆቿ ጋር ትኖር ነበር። አያ ነብሮ ጉልበት በነበረው ጊዜ አስጠጋት፤ ጉልበቱ ሲከዳው ደግሞ እሷ አስታመመችው። ውሃ ታመላልስለታለች፣ ሥራሥር አላምጣ ታጎርሰዋለች። ጥርሱ ካለቀ ነብርም ሥራሥር ይበላል፤ ምን ያድርግ። ሊሞት ሲል "ቤቱ ያንቺ ነው" አላት። ማን ሰማ? እሷና እሱ ብቻ። እሱ ደግሞ ሞተ።

ወራሽ የሌለው ቤት የንጉሥ ነው። ንጉሡም አንበሳ ነውና "በሐራጅ ይሸጥ" አለ። እትዬ ጃርት ይህን ስትሰማ የአገሩ ሽማግሌ አባ ኤሊ ዘንድ ሄዳ የሆነውን ሁሉ ነገረችው።

"እኔ አምንሻለሁ፣ ልጄ" አላት አባ ኤሊ። "ዳኛ ግን ያለ ምስክር የተሰጠ ቃል አይቀበልም። ቀኑ ሲደርስ ተጫረቺ፤ ሌላ መላ የለም።"

እሷ ያላት ሦስት አሞሌ ጨው ናት። ያን ጊዜ መገበያያው አሞሌ ነው። ክረምቱ ደግሞ ደጅ ላይ ደርሷል፤ ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ይጠቁራል፣ ያጉረመርማል። የልጆቿ እሾህ ገና ለስላሳ ነው። ሜዳ ላይ ቢወጡ ዝናቡ ቢምራቸው ጅቡ አይምራቸውም። ያቺ እናት እህል አልወርድ አላት።

አሁን ቀበሮ ይምጣ።

ቀበሮ አሥራ ሁለት አሞሌ አለው። ዋሻውን የሚፈልገው ሊያድርበት አይደለም፤ ሊያከራየው ነው። "የፊቱን ክፍል ለከርከሮ፣ የመሀሉን ለሚዳቋ፣ የጓዳውን ለጥንቸሎች። ክረምት ሲገባ ተጋፍተው ይመጣሉ፤ የጠየቅኳቸውን ይከፍላሉ፤ እኔ ጀርባዬን ፀሐይ እያስመታሁ እበላለሁ" ይላል። ጃርቷስ ቢሉት "ጃርቷ ትወጣለች" አለ፤ ይህን ሲል ፊቱ እንኳ አልተለወጠም።

ሐራጅ ላይ ግን ብቻ መቆም የለም። አያ ጅቦ ስምንት አሞሌ እንዳለው፣ ዝንጀሮም ከዘመዶቹ አሰባስቦ አሥራ አምስት እንዳደረሰ ቀበሮ ያውቃል። ስለዚህ ተነሥቶ ሄደ።

መጀመሪያ አያ ጅቦን አገኘው።

"አያ ጅቦ፣ ወዳጄ ስለሆንክ ነው የምነግርህ፤ ለማንም እንዳትናገር። ነብሮ ሞተ እንጂ ከቤቱ አልወጣም። ዋሻው ውስጥ ሲንኮሻኮሽ በዚህ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ከጅብ ጋር የቆየ ቂም አለኝ እያለ ነው።"

የሚንኮሻኮሸው የጃርቷ እሾህ ነው። አያ ጅቦ ግን ሆዱ እንጂ ልቡ ትልቅ አይደለም። "እኔ ድሮም ያ ዋሻ አይጥመኝም" አለና ስምንቱን አሞሌ መልሶ ቀበረ።

ቀጥሎ ዝንጀሮን አገኘው።

"ጌታው፣ ወዳጄ ስለሆንክ ነው የምነግርህ፤ ለማንም እንዳትናገር። የመሀሉ ክፍል ጣሪያ ተሰንጥቋል። የመጀመሪያው ዝናብ ሲመታው ይወርዳል። ለልጆችህ አዝኜ ነው።"

ዝንጀሮ ራሱን አከከ። "ሄጄ በዓይኔ ባየውስ?"

"እየው እንጂ። ብቻ ከሥሩ እንዳትቆም።"

ከሥሩ ሳይቆሙ ጣሪያ እንዴት ይታያል? ዝንጀሮ ሲያስብ ሲያስብ ሳያይ ቀረ።

በመጨረሻ እትዬ ጃርት ዘንድ ሄደ።

"እትዬ፣ ወዳጄ ስለሆንሽ ነው የምነግርሽ፤ ለማንም እንዳትናገሪ። ሐራጁ ቅዳሜ ነው። እስከዚያ ልጆችሽን ይዘሽ ረፍ በይ።"

ሐራጁ ረቡዕ ነው። ጃርት ደግሞ ቀን ተኝታ ማታ የምትወጣ ናት፤ በገበያ የተነገረውን ቀን አልሰማችም። አመነችው። እግዜር ይስጥልኝ ብላ መረቀችው እንኳ።

ረቡዕ ሆነ። ሐራጁ ከዋሻው ግርጌ ካለው ዋርካ ሥር ነው። አዋጅ ነጋሪው ጋሽ አህያ ነው፤ ያን ድምፅ ይዞ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? በዳኝነት አባ ኤሊ፣ ጎሽና አጋዘን ተቀምጠዋል። ጨረታ የመጣ ቀበሮ ብቻ ነው። ልቡ ጮቤ ረገጠች፤ ፊቱን ግን ያዘነ አስመሰለ።

የዚያ አገር የሐራጅ ሥርዓት ረጅም ነው። ነጋሪው መጀመሪያ ንጉሡን ያመሰግናል፤ ቀጥሎ የንጉሡን አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት። ከዚያ የቤቱን ድንበር በአራት ማዕዘን ይቆጥራል። ከዚያ ገዢው ምን እንደሚያገኝ ይናገራል። በመጨረሻ ገዢው ምን እንደሚሸከም፣ የቤቱን ጣጣ ማለት ነው፣ ይዘረዝራል። ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ሦስት ጊዜ ይጠራል፤ በየጥሪው መሀል መሬት ላይ የተተከለች በትር ጥላዋ አንድ ስንዝር እስኪሄድ ይጠበቃል።

ጋሽ አህያ ከንጉሡ ቅድመ አያት ተነሥቶ ድንበሩን ጨረሰ፤ ገዢው የሚያገኘውንም ተናገረ። ቀበሮ ቀና ሲል ከኮረብታው ላይ አቧራ ተነሥቶ አየ። ዝንጀሮ ነው፤ ከነወገኑ ወደ ዋርካው እየወረደ ነው። ሐሳቡን ቀይሮ ይሆን? አሥራ አምስት አሞሌ! የቀበሮ እግር መሬት ላይ አልረጋ አለ።

"ጋሽ አህያ፣ እባክህ አሳጥረው" አለ።

"አዋጅ አያጥርም። ዋናው ገና ነው፤ ጣጣው አልተነገረም።"

ቀበሮ ከዋርካው ጀርባ ወዳለው ሐረግ ገባ ብሎ ለክፉ ቀን የደበቀውን አንድ ነዶ ገብስ አወጣና ከአህያው እግር ሥር አስቀመጠ። ጋሽ አህያ ገብሱን አየ፣ ሽማግሌዎቹን አየ፣ እንደገና ገብሱን አየ። ሰው ቢሆን እምቢ ይል ነበር አልልም፤ ሰውንም አውቀዋለሁ።

"በኋላ አልሰማሁም ብትልስ?" አለ አህያው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"ሰምቻለሁ። ሁሉንም ሰምቻለሁ።"

"ማላ።"

"አንበሳ ይሙት ሰምቻለሁ።"

በዚያ አገር በዚህ መሐላ አይቀለድም። በንጉሡ ስም በሐሰት የማለ አንገቱን ይሰጣል። አባ ኤሊ አንገቱን ከድንጋይ ልብሱ አወጣ።

"ቀበሮ፣ የቀረውን ብትሰማ ይሻልሃል።"

"ሰማሁ አልኩ እኮ፣ አባ። ይጠራልኝ።"

"እንግዲያው ምስክር ነን" አሉ ሦስቱ ሽማግሌዎች።

ጋሽ አህያ አንገቱን ቀና አድርጎ ለቀቀው። "ያየ ይቅረብ፣ የቀረበ ይናገር፣ የተናገረ አይመለስ!"

"አንድ አሞሌ" አለ ቀበሮ።

ያ ድምፅ ዋሻው ጓዳ ድረስ ገባ። እትዬ ጃርት ከእንቅልፏ ብድግ አለች። ቅዳሜ አይደል እንዴ? ልጆቿን እንዳትወጡ ብላ ሦስቱን አሞሌ ታቅፋ ቁልቁለቱን ወረደች። ወደቀች፣ ተነሣች፣ ወደቀች። ጨውዋን ግን አልለቀቀችም።

"ያየ ይቅረብ፣ የቀረበ ይናገር፣ የተናገረ አይመለስ" አለ ጋሽ አህያ ለሁለተኛ ጊዜ።

"ሁለት" አለች ከኋላ፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ።

ቀበሮ ዞር ብሎ አያት። "ሁለት ተኩል።"

"ሦስት።"

ይህች የመጨረሻዋ ናት። በዚህ መሀል ዝንጀሮ ደረሰ። እጁን ወደ ጨው ስልቻው ሰደደ። ቀበሮ ዝንጀሮን አየት አደረገና ወደ ዋሻው ጣሪያ ቀና አለ። የዝንጀሮ እጅ ቀስ ብላ ተመለሰች።

"አምስት" አለ ቀበሮ።

 እትዬ ጃርት ሦስቱን አሞሌ እንዳቀፈች ሽማግሌዎቹን አንድ በአንድ አየቻቸው።

"ልጆቼ ውስጥ ናቸው" አለች።

"እናውቃለን፣ ልጄ" አለ አባ ኤሊ። 

ጥላዋ ስንዝሯን እስክትሄድ ተጠበቀ። አይ እሱ ስንዝር! እንደዚያ ቀን ጥላ ረዝሞም አጥሮም አያውቅም። ጋሽ አህያ ሦስተኛውን ሲጠራ ድምፁ ሰለል አለ፤ የሚመልስ ጠፋ፤ ዋሻው በአምስት አሞሌ ለቀበሮ ሆነ።

"ቅዳሜ ነው አላልከኝም?" አለችው።

"የሰማሁትን ነገርኩሽ፤ ተቀየረ መሰለኝ። እስከ ነገ ቀትር ልቀቂልኝ፤ ተከራይ ላስገባ ነው።"

በዚያች ሌሊት እትዬ ጃርት ለምግብ አልወጣችም። ልጆቿ "ወዴት ነው የምንሄደው?" ይሏታል።  ታቅፋቸው አነጋች።

ሐሙስ ጠዋት ቀበሮ በር ላይ ቆሞ ክፍሎቹን በእርምጃ ይለካል። ቀና ሲል አገሩ በሙሉ ተሰልፎ እየመጣ ነው። ጎሾች፣ ከርከሮዎች፣ ሚዳቋዎች፣ ዝንጀሮ ከነወገኑ፤ አያ ጅቦ እንኳ ገላውን ታጥቦ ልጆቹን ይዞ ከፊት ሆኗል። ቀበሮ ተከራይ መሰሉት። ደስ አለው።

"ቀስ በሉ፣ በተራ በተራ" አለ። "ሁላችሁንም አነጋግራለሁ።"

እንግዶቹ ሣሩ ላይ ክብ ሠርተው ተቀመጡ። አባ ኤሊ ወደ ፊት መጣ።

"ድግሱ የት ነው?" አለ።

"የምን ድግስ?"

"የነብሮ ተዝካር ነዋ። ዛሬ አርባው ነው።"

ቀበሮ ሳቀ። "አሞሌዬን የተቀበለው ግቢው አይደለም? ግቢው ይደግስ።"

"የሟችን ቤት የያዘ የሟችን አርባ ያወጣል። ከአዋጁ ጣጣ የመጀመሪያው ይኸው ነው። አገሩ ጠግቦ ካልተነሣ ተዝካር አይባልም። ንጉሡም ቀትር ላይ ይመጣሉ።"

"እኔ ይህን አልሰማ..." አለና ቀበሮ መሀል ላይ ቀጥ አለ።

ጎሽ አየው። አጋዘን አየው። አባ ኤሊ ዓይኑን አልነቀለም። ሰምቻለሁ ካለ አገር ማብላት አለበት፤ አልሰማሁም ካለ በንጉሡ ስም በሐሰት ምሏል።  ሰባት አሞሌ ቀርታዋለች፤ በሰባት አሞሌ እንኳን አገር የአያ ጅቦ አንድ ልጅ አይጠግብም።

አያ ጅቦን ጎትቶ ከድንጋይ ኋላ ወሰደው። "ወዳጄ ስለሆንክ ነው የምነግርህ። ቤቱን በሁለት አሞሌ ልልቀቅልህ፤ ተዝካሩን አንተ አውጣ።"

"ነብሮ ወጣ እንዴ?" አለ አያ ጅቦ።

ምን ይመልሳል? አልወጣም ቢል አይገዛም፤ ዋሽቼህ ነው ቢል እዚያው ይበላዋል። ትቶት ወደ ዝንጀሮ ሮጠ።

"በነጻ ውሰደው" አለ።

"ጣሪያው ይወርዳል ያልከኝ አንተ ነህ። ልጆች አሉኝ እኮ" አለ ዝንጀሮ፤ ከልቡ ነው።

ፀሐይዋ እየወጣች ሄደች፤ የዋርካው ጥላ እየተሰበሰበ መጣ። የራበው እንግዳ ዝምታ ታውቃላችሁ? አያ ጅቦ መሬቱን ማየት ትቶ ቀበሮን ማየት ጀመረ። ልጆቹም እሱን አይተው ቀበሮን ማየት ጀመሩ። ቀበሮ በየት በኩል እንደሚሮጥ ሲያማትር ዙሪያው ሁሉ እንግዳ ነው።

በዚህ ጊዜ እትዬ ጃርት ልጆቿን አስከትላ ከዋሻው ወጣች። ልትሄድ ነው፤ ቀትር ቀርቧል። የተሰበሰበውን ሕዝብ አየችና ቆመች።

"ለነብሮ ነው የመጣችሁት?" አለች።

"ለሱ ነው" አላት አባ ኤሊ።

ተመልሳ ገባች። ለክረምት ያጠራቀመችውን ሥራሥር በሙሉ እየጎተተች አወጣችው፤ አንድ ሁለት ሦስት ጊዜ ተመላለሰች። በላዩ ሦስቱን አሞሌ ፈርፍራ አደረገችበት። ልጆቿ ዓይናቸው ሥራሥሩ ላይ ቀረ።

"ቤቱ የማንም ይሁን" አለች። "እኔ ያስታመምኩትን ሰው ያለ አርባ አልሸኝም። ያለኝ ይኸው ነው፤ አፈርኳችሁ።"

 ኋላ ዝንጀሮ ተነሥቶ ዛፍ ላይ ወጣና ሾላ አራገፈ። ሚዳቋዎቹ ሣር ይዘው መጡ። ለደሃ ድግስ አገር ይደርሳል፤ ይህ የትም ያለ ነው። አያ ጅቦ ሲያመነታ ሲያመነታ ለራሱ ደብቆ ያመጣውን ቅልጥም ከብብቱ አውጥቶ መሀል ላይ ጣለው። ልቡ እየተቃጠለ ነው፣ ግን ጣለው።

ቀትር ላይ አንበሳ መጣ። ሁሉም ተነሣ። ከጨውዋ አንድ ጊዜ ላሰ፣ ከሥራሥሯ ቀመሰ።

"ደግ ተዝካር ነው" አለ። "ማነው ያወጣው?"

ቀበሮ ምን ነካው መሰላችሁ? ከሞት የተረፈ መስሎት ነዋ። ዘሎ ወጣ። "የቤቱ ባለቤት እኔ ነኝ፣ ጃንሆይ።"

ሕዝቡ አጉረመረመ። አንበሳ እጁን አነሣና ዝም አሰኛቸው። እትዬ ጃርትን አየ፤ እሷ መሬት መሬት ታያለች።

"ጨዉ ያንተ ነው?" አለው ቀበሮን።

"በእኔ ቤት ደጅ ነው የተበላው፣ ጃንሆይ።"

አንበሳ ወደ ጋሽ አህያ ዞረ። "የዚህን ቤት አዋጅ ንገረኝ። ከራስ እስከ ጅራት።"

ጋሽ አህያ ጀመረ። ቅድመ አያቶቹን አመሰገነ፣ ድንበሩን ቆጠረ፣ ገዢው የሚያገኘውን ተናገረ። ከዚያ ረቡዕ ዕለት ያስቀረውን ቀጠለ። "የሟችን ቤት የያዘ የሟችን አርባ ያውጣ። እሱ ሳያወጣ ሌላ ቢያወጣለት፣ ቤቱ ላወጣው ይሁን፤ የከፈለውም አይመለስለት።"

 አንበሳ ወደ ቀበሮ ቀረበ፤ በጣም ቀረበ።

"ይህን ሰምተህ ነው የገዛኸው? ወይስ ሳትሰማ?"

ቀበሮ አያ ጅቦን አየ። ሽማግሌዎቹን አየ። የአንበሳን ጥርስ አየ።

"ሰምቼ ነው" አለ። 

"ሰምተህ ከገዛህ ሕጉን ታውቃለህ። ሂድ።"

 እትዬ ጃርት አራቱን ልጆቿን በአፍንጫዋ እየገፋች ወደ ጓዳው መለሰቻቸው። የመጨረሻዋ ስትገባ በሩ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። አባ ኤሊ አጠገቧ ሆኖ እስኪወጣላት ጠበቃት።

ጋሽ አህያም ዝም ብሎ አልታለፈ። አዋጅ ነጋሪነቱን ተቀማ፤ ይኸው እስከ ዛሬ ጭነት ተሸክሞ ሲሄድ መሀል መንገድ ላይ ቆሞ የሚጮኸው ያስቀረውን አዋጅ ሊጨርስ ነው ይላሉ።

ቀበሮ ሰባት አሞሌውን ይዞ ወጣ። ገና ኮረብታውን ሳያልፍ ያ ስንት ቀን ሲያጉረመርም የከረመ ዝናብ ወረደ። ጨው ደግሞ ጣሪያ ይፈልጋል። ከዛፍ ሥር ቢያስቀምጠው ያፈሳል፤ ከሆዱ ሥር ቢያደርገው በጎን ይገባል። እላዩ ላይ ተኝቶ አድሮ ሲነጋ ከሥሩ ያገኘው ነጭ ጭቃ ነው። ላሰው አሉ፤ ምን ያድርግ።

እኔ ከአያቴ የተቀበልኩትን ሳላጎድል ሰጠኋችሁ፤ እናንተ ደግሞ ለልጆቻችሁ ስትነግሩ እንዳታሳጥሩባቸው። አያቴ ሲጨርስ እንዲህ ይል ነበር፦

አዋጅ ያሳጠረ፣ ዕዳ አስረዘመ።